ዩስቱስ ፎን ሊቢግ፦ የአፈሩን ረሃብ ያወቀ፣ የአፈሩን ነዋሪዎች ያላየ

ከዲማ እስከ ጮቄ ተራራ ግርጌ ያለ ገበሬ ክረምት ሲቃረብ ስለ ማዳበሪያ ዋጋ ሳያወራ አይውልም። የዚህን ከረጢት ታሪክ ወደ ኋላ ብንከተለው አንድ ጀርመናዊ ዘንድ ያደርሰናል።

ዩስቱስ ፎን ሊቢግ በ1803 (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) ዳርምሽታት ከተማ ተወለደ። አባቱ የቀለምና የኬሚካል ነጋዴ ስለነበሩ ልጁ ከትምህርት ቤቱ ይልቅ በሱቃቸው ዕቃ መሞከር ይቀናው ነበር። በ13 ዓመቱ፣ በ1816፣ የአውሮፓ በጋ ሳይሞቅ አለፈና ሰብል ጠፋ፤ ረሃብም ሆነ። ሊቢግ ፓሪስ ድረስ ሄዶ ተማረ። በ1824 ጊሰን ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ሲጀምር ገና 21 ዓመቱ ነበር፤ በእኛ ዕድሜ ማለት ነው! ተማሪ በገዛ እጁ እየሞከረ የሚማርበት ቤተ ሙከራው ከየአገሩ ሰው ሳበ።

በ1840 ባሳተመው መጽሐፍ ተክል ከአፈር ማዕድን እንደሚወስድ፣ የተወሰደው ካልተመለሰ ደግሞ መሬቱ እንደሚደኸይ ተከራከረ። ምርትን የሚወስነው ከሁሉ ያነሰው ንጥረ ነገር ነው የሚለውን ሕግም አስፋፋ፤ በዚህ ሐሳብ ግን ካርል ሽፕሬንገል ቀድሞታል።

በ1845 የራሱን ማዳበሪያ እንግሊዝ አገር ለገበያ አወጣ። ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ዝናብ እንዳያጥበው ብሎ ማዕድኑን አቅልጦ ስላዋሃደው በውሃ የማይሟሟ ሆነ። ማዳበሪያው አፈሩ ውስጥ አለ፣ ሥሩ ግን ሊወስደው አልቻለም።

ተመሳሳይ ችግር በጎጃም ቀይ ኮምጣጣ አፈር ላይም አለ። የተጨመረው ፎስፈረስ ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር ተጣብቆ ይታሰራል። ከሚፈቱት መካከል በዓይን የማይታዩ ሕያዋን ይገኙበታል። ባክቴሪያዎች አሲድ እያመነጩ ያሟሙታል። ሥር ላይ የሚኖሩ ፈንገሶች ደግሞ ሥሩ ከማይደርስበት ቦታ በቀጫጭን ክሮቻቸው ስበው ያመጡለታል፤ ተክሉም ዋጋቸውን በስኳር ይከፍላል።

ሊቢግ ግን ለእነዚህ ቦታ አልሰጠም። መፍላት የሕያው እርሾ ሥራ ነው ከሚለው ከሉዊ ፓስተር ጋር ሳይቀር ተሟግቷል። በ1873 ሙኒክ ውስጥ ሞተ። አልበርት ፍራንክ የሥርንና የፈንገስን ሽርክና ማይኮራይዛ ብሎ የሰየመው ከ12 ዓመት በኋላ ነው።

ታዲያ ሰውዬውን እንርሳው? አይደለም። የተወሰደው ይመለስ ማለቱ ዛሬም ይሠራል። እበቱ ኩበት ሆኖ ሲነድ፣ ገለባው ተጠራርጎ ሲሄድ፣ አፈሩም ነዋሪዎቹም ይራባሉ። ኖራ የአፈሩን ኮምጣጣነት ይቀንሳል፤ ብስባሽ ደግሞ እነዚያን የማይታዩ ሠራተኞች ይመግባል። ከረጢቱ ብቻውን ይህን ሁሉ አይችልም።