ጆን ሃንተርና የጥርስ መሠረት

ሕንፃ ሲያዘነብል መሐንዲስ አስቀድሞ የሚመረምረው ግድግዳውን ሳይሆን መሠረቱን ነው። ጥርስን በዚህ ዓይን ከተመለከቱት ቀደምት ሊቃውንት አንዱ ስኮትላንዳዊው ሐኪም ጆን ሃንተር ነው። ማኅበራችን ለዘንድሮው መጽሔት የአንድ ሊቅ የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ ሲያዘኝ እርሱን የመረጥሁት ስለዚህ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሃንተር በ1728 ከአሥር ልጆች የመጨረሻው ሆኖ ተወለደ። በ1748 ወደ ለንደን ሄዶ የሰውነት ክፍሎችን ጥናት ያስተምር ለነበረው ለታላቅ ወንድሙ ለዊልያም ረዳት ሆነ። ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል አስከሬን ሲመረምር ከቆየ በኋላ በጦር ሠራዊት ሐኪምነት በፖርቱጋል አገልግሎ በ1763 ተመለሰ።

በ1771 ስለ ሰው ጥርስ ተፈጥሮ፣ በ1778 ደግሞ ስለ ጥርስ በሽታዎች መጻሕፍት አሳተመ። የጥርስን ሥር አቅፎ የሚይዘው አጥንት ከመንጋጋው ይልቅ የጥርሱ ወገን መሆኑን አስረዳ፤ ከጥርሱ ጋር ያድጋል፣ ጥርሱ ሲወድቅም ይጠፋል። ድድ ታሞ ሲሸሽ ይህ አጥንት እየተበላ እንደሚሄድና ጥርሱ ራሱ ጤነኛ ሳለ ተነቃንቆ እንደሚወልቅም አስተዋለ።

የጠፋውን ለመተካት የሞከረው ግን መሠረቱን በመመለስ ሳይሆን ሌላ ጥርስ በማምጣት ነበር። የሰው ጥርስ በአውራ ዶሮ ራስ ላይ ባለው ቀይ ሥጋ ተከለ፤ ናሙናው ለንደን በስሙ በተጠራው ቤተ መዘክር ተጠብቆ ይገኛል። ከወጣቶች አፍ ጥርስ ነቅሎ በሌላ ሰው አፍ መትከልንም ደገፈ፤ የመጀመሪያው ባይገጥም ሌሎች ሰጪዎች ተዘጋጅተው እንዲጠብቁ መከረ። ሰጪዎቹ ጥርሳቸውን ለገንዘብ የሚሸጡ ድሆች ነበሩ። የተተከሉት ጥርሶች አብዛኞቹ ከጥቂት ዓመታት በላይ አልቆዩም፤ ከተቀባዮቹም አንዳንዶቹ ቂጥኝ በሚመስል በሽታ ተያዙ። ሃንተር ይህ በሽታ ቂጥኝ መሆኑን አልተቀበለም። ልማዱ ግን ውሎ አድሮ ተተወ። የሊቁን ክብር ለመጠበቅ ሲባል ይህን መሸፈን አይገባም፤ የድሃው ልጅ ጉዳት በሒሳቡ ውስጥ አልገባምና።

ሃንተር በ1793 በሚሠራበት ሆስፒታል ስብሰባ ላይ በክርክር መካከል በድንገት አረፈ። የሰበሰባቸውን ናሙናዎች መንግሥት በ1799 ገዛቸው።

የጠፋው አጥንት በቦታው ሊመለስ ይችላልን? ለዚህ ጥያቄ መልስ የተገኘው ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። በ1976 ሜልቸር የተባለ ተመራማሪ፣ ቁስሉ ሲድን የጥርሱን ሥር ቀድመው የያዙት ሕዋሳት የፈውሱን ዓይነት ይወስናሉ የሚል ሐሳብ አቀረበ። የድድ ቆዳ ፈጥኖ ይወርዳል፤ አጥንትና ጥርስን ከአጥንት የሚያያይዘው ጅማት ግን ዘግይተው ያድጋሉ። ኒማንና ባልደረቦቹ በ1982 በአንድ ሰው ድድና ጥርስ መካከል ስስ መጋረጃ አስገብተው የድዱን ሩጫ ገቱ፤ ከሦስት ወር በኋላም አዲስ ጅማት ሥሩን ይዞ ተገኘ። ዘዴው የሚሳካው ይበልጡን አጥንቱ በጠባብና ጥልቅ ጉድጓድ መልክ በተበላበት ስፍራ ነው፤ ዙሪያውን እኩል ዝቅ ያለን አጥንት ወደ ቀድሞ ከፍታው ለመመለስ ግን እጅግ ያዳግታል።

ክቡራን ባልደረቦቼ፣ ሃንተር መሠረቱን በትክክል አየ፤ ጥገናውን ግን ከሌላው ሰው ቤት በተነቀለ ምሰሶ ሞከረ። የኋለኞቹ ለሰውነቱ ቦታና ጊዜ ሰጥተው ራሱ እንዲሠራ ተዉት። እኛም አንድን ሥራ ስንነድፍ ዋጋውን ማን እንደሚከፍል አስቀድመን እንጠይቅ።