ባቡሩን ሳያቆም ዘይት ያጠጣው ኢላይጃ ማኮይ

ተማሪዎች ሆይ፣ ሁለት መዳፎቻችሁን አጥብቃችሁ ብታፋትጉ ወዲያው ሙቀት ይሰማችኋል። ቆዳ በቆዳ ላይ ለጥቂት ጊዜ ሲፈተግ ይህን ያህል ከሞቀ፣ በደቂቃ ብዙ መቶ ጊዜ የሚመላለስ ብረት በብረት ላይ ሲፈተግ ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግታችሁም። ብረቱ ይግላል፤ ይፋቃል፤ ይባስ ብሎም አንዱ ከሌላው ጋር ተጣብቆ ሞተሩ ደርቆ ይቀራል። ይህን ጉዳት የሚከላከለው በሁለቱ ብረቶች መካከል የሚገባው ስስ የዘይት ሽፋን ነው። ከዚህ በታች የምታነቡት ታሪክ ያን ስስ ሽፋን በጊዜውና በቦታው ለማድረስ ዕድሜውን በሙሉ የደከመ የአንድ መሐንዲስ የሕይወት ታሪክ ነው። በታሪኩ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉ።

ኢላይጃ ማኮይ በ1844 ዓ.ም. በካናዳ፣ በኦንታሪዮ፣ ኮልቸስተር በተባለች የገጠር ቀበሌ ተወለደ። ወላጆቹ ጆርጅና ሚልድረድ በአሜሪካ በኬንታኪ ግዛት በባርነት ቀንበር ሥር የኖሩ ጥቁሮች ነበሩ። ከጌቶቻቸው ኮብልለው ወደ ካናዳ የተሻገሩት ስደተኞችን በስውር ከቤት ወደ ቤት እያቀባበሉ ወደ ሰሜን ያደርሱ በነበሩ ሰዎች እርዳታ ነው። ያ የምሥጢር መንገድ ሐዲድም ሆነ ፉርጎ ሳይኖረው የምድር ውስጥ ባቡር ተብሎ ይጠራ ነበር። የእነዚህ ስደተኞች ልጅ በኋላ ስሙ ከእውነተኛው ባቡር ጋር መያያዙ የሚያስገርም አጋጣሚ ነው።

ኢላይጃ ከልጅነቱ ጀምሮ ዕቃ ፈታትቶ መልሶ መግጠም ይወድ ነበር። ወላጆቹም ይህን ዝንባሌውን ተመልክተው፣ ከድካማቸው ያጠራቀሙትን ገንዘብ ሰብስበው፣ በ15 ዓመቱ ወደ ስኮትላንድ ወደ ኤድንብራ ከተማ ላኩት። በዚያም በተለማማጅነት ሠርቶ የመካኒክ መሐንዲስነት ማስረጃ ተቀበለ። ሲመለስ ቤተ ሰቡ በአሜሪካ በሚችጋን ግዛት በኢፕሲላንቲ ከተማ ሰፍሮ አገኘው።

እዚህ ላይ የወጣቱ ተስፋ ከዘመኑ ሁኔታ ጋር ተጋጨ። በአሜሪካ ባርነት በሕግ የተሻረው በ1865 ዓ.ም. ነው፤ ይሁን እንጂ ጥቁር ሰውን በመሐንዲስነት የሚቀጥር አልተገኘም። የሚችጋን ሴንትራል ባቡር ኩባንያ የሰጠው ሥራ ወደ እቶኑ ከሰል መጨመርና መኪናውን ዘይት ማጠጣት ነበር። የተማረው መሐንዲስ አካፋና የዘይት ጣሳ ተሸከመ።

የዘይት አጠጪው ሥራ ምን ይመስል እንደነበር አስቡት። ባቡሩ ጥቂት ከተጓዘ በኋላ መቆም ግድ ይሆንበታል። ዘይት አጠጪው ከመኪናው ይወርዳል፤ ዙሪያውን እየዞረ ለየመጋጠሚያው ዘይት ያንጠባጥባል፤ ከዚያም ተመልሶ ይሳፈራል፤ ጉዞው ይቀጥላል። መንገደኛው ይጠብቃል፤ ጭነቱ ይዘገያል፤ ከሰሉም በከንቱ ይነዳል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ የሲሊንደሩ ነገር ነበር። በሲሊንደሩ ውስጥ ፒስተኑን የሚገፋው የጋለ እንፋሎት ዘይቱን እያጠበ ይወስደዋል፤ መኪናው እየሠራ ሳለ ደግሞ ማንም እጁን ወደዚያ ሊሰድ አይችልም። ኩባንያው ማኮይን ዝቅ ባለ ሥራ ላይ ያስቀመጠው መስሎት ነበር፤ ነገር ግን ችግሩ ከሁሉ ይበልጥ በሚታይበት ስፍራ ላይ አስቀምጦት ነበር።

ማኮይ ባቋቋማት አነስተኛ የሥራ ክፍል ውስጥ ብዙ ከሞከረ በኋላ፣ በሐምሌ ወር 1872 ዓ.ም. ለመጀመሪያው ዘይት ማጠጫው የፈጠራ ባለቤትነት መብት ተሰጠው። የመብቱ ቁጥር 129843 ነው። ዕቃው መኪናው ሳይቆም በራሱ በእንፋሎቱ ግፊት እየተከፈተ ዘይቱን ወደ ሲሊንደሩ የሚያደርስ ነበር። በራሱ ዘይት የሚያጠጣ ዕቃ ለመሥራት ከእርሱ በፊት የሞከሩ አልነበሩም ማለት አይደለም። የማኮይ ብልጫ አንድ ጊዜ ሠርቶ አለመተዉና ጉድለቱን እየተከታተለ ማሻሻሉ ነው።

ከዚያ በኋላ በየቦታው በሠራው ዓይነት ዕቃ ውስጥ እንፋሎቱ ቀዝቅዞ ውሃ ይሆንና ከዘይቱ በታች ይጠራቀማል። ዘይት ከውሃ ስለሚቀል ወደ ላይ ይገፋል፤ በመስታወት ቱቦ ውስጥም ጠብታ በጠብታ እየሆነ ያልፋል። የባቡሩ ነጂ ከመቀመጫው ሳይነሣ ጠብታዎቹን ቆጥሮ ዘይቱ መድረሱን ያረጋግጣል።

ይህ ጉዳይ በእንፋሎት ባቡር ብቻ ተወስኖ እንዳልቀረ ለመረዳት የሞተር ብስክሌትን ተመልከቱ። በተለመደው ባለ ሁለት ምት ሞተር ውስጥ አየሩና ቤንዚኑ በታችኛው ክፍል በኩል ስለሚያልፉ፣ በዚያ ዘይት ማጠራቀም አይቻልም። ስለዚህ ባለቤቱ ለ20 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ያህል ዘይት በእጁ ለክቶ ይቀላቅል ነበር። ዘይቱ ካነሰ ሞተሩ ይደርቃል፤ ከበዛ ይጨሳል፤ ሻማውም በጥላሸት ይሸፈናል። በ1964 ዓ.ም. ያማሃ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እንደ ሞተሩ ፍጥነትና ጭነት ዘይቱን መጥኖ የሚልክ ፓምፕ በሞተር ብስክሌቱ ላይ ገጠመ። ሞተሩ ሌላ ነው፤ ጥያቄው ግን ማኮይ በ1872 ዓ.ም. የመለሰው ያው ጥያቄ ነው።

ወደ ማኮይ እንመለስ። በ1882 ዓ.ም. ወደ ዲትሮይት ከተማ ተዛወረ። ገንዘብ ስላልነበረው ለሚቀጥለው ሙከራ ወጪ ለመሸፈን የመብቱን ድርሻ ለሌሎች መሸጥ ነበረበት፤ በዚህም ምክንያት ብዙው ትርፍ በሌሎች እጅ ገባ። በሕይወቱ ዘመን ወደ 57 የሚጠጉ የባለቤትነት መብቶች ተቀብሏል። የሚታጠፍ የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛና የመስክ ሣር ውሃ ማጠጫ ቢገኙባቸውም፣ የሚበዙት የዘይት ማጠጫዎች ናቸው።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ባቡሮች ከቀድሞው እጅግ በጋለ እንፋሎት መሥራት ሲጀምሩ፣ ዘይቱ ብቻውን ሙቀቱን አልቋቋም አለ። ማኮይ ግራፋይት የተባለውን፣ በእርሳሳችሁ ውስጥ ያለውን ጥቁር ዱቄት፣ ከዘይቱ ጋር አዋሕዶ ቧንቧው ሳይደፈን የሚያሳልፍ ዕቃ ሠርቶ በ1915 ዓ.ም. መብት ተቀበለበት። ያን ጊዜ ዕድሜው ከ70 ዓመት አልፎ ነበር። በስሙ የሚጠራ ፋብሪካ ያቋቋመው ከዚያም በኋላ በ1920 ዓ.ም. ነው።

በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዘንድ አስመስሎ ያልተሠራን ትክክለኛ ዕቃ እውነተኛው ማኮይ ብሎ መጥራት የተለመደ ነው። የባቡር ሰዎች የእርሱን ዕቃ ከአስመሳዮቹ ለይተው ሲጠይቁ አባባሉ ተወለደ የሚል ታሪክ በብዙ መጻሕፍት ይገኛል። ነገር ግን በስኮትላንድ ማካይ በሚል ስም ተመሳሳይ አባባል በ1856 ዓ.ም. ታትሞ ይገኛል፤ ያን ጊዜ ኢላይጃ ገና የ12 ዓመት ልጅ ነበር። ታሪኩን ስትሰሙት በጥንቃቄ ተቀበሉት፤ የሰውየው ሥራ እንደሆነ ያለዚህ ተረትም ይቆማል።

በ1922 ዓ.ም. ማኮይና ሚስቱ ሜሪ የመኪና አደጋ ደረሰባቸው። ሜሪ ከጉዳቷ ሳትድን አረፈች። እርሱም ጤናውና ገንዘቡ ተሟጦ፣ በዲትሮይት አቅራቢያ በኤሎይዝ በሚገኝ የሕሙማን መጦሪያ ገብቶ፣ በጥቅምት ወር 1929 ዓ.ም. በ85 ዓመቱ አረፈ። በ2012 ዓ.ም. የአሜሪካ የፈጠራ መብት መሥሪያ ቤት ከዋና ጽሕፈት ቤቱ ውጭ የመጀመሪያውን ቅርንጫፍ በዲትሮይት ሲከፍት በኢላይጃ ማኮይ ስም ሰየመው።