ሙሴ ኢልግና የረከሰው የባቡር አክሲዮን

ከደምበጫ ወደ ፍኖተ ሰላም ሲያልፍ የጅጋን ገበያ ያየ ሰው፣ በርበሬ በረከሰ ጊዜ የሚሆነውን ያውቃል። ዕዳ የሌለበት ገበሬ ጆንያውን መልሶ ጭኖ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ የማዳበሪያ ዕዳ ያለበት ግን በተጠራለት ዋጋ ሰጥቶ ይመለሳል። የበርበሬውን መልካምነት ሁለቱም እኩል ያውቁታል። ኢትዮ ቴሌኮም በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ከመቶ ዐሥሩን እጅ ለሕዝብ ለመሸጥ አንዱን አክሲዮን በ300 ብር ካቀረበ ወዲህ፣ ዋጋው ቢወድቅ እንሽጠው ወይስ እንያዘው የሚለው ጥያቄ የበርበሬ ነጋዴ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ስለዚህ ባቡር ራሱ አዲስ ጥበብ በነበረበት ዘመን ይህ ጭንቅ የደረሰባቸውን የአንድ ሰው ታሪክ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ወደድን።

ሙሴ አልፍሬድ ኢልግ በ1846 ዓ.ም. በስዊስ አገር ፍራውንፌልድ በምትባል ከተማ ተወለዱ። በዙሪክ የመሐንዲስነት ትምህርታቸውን ከፈጸሙ በኋላ፣ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ባለሙያ ፈልገው ስለ ነበር፣ በ1871 ዓ.ም. የ24 ዓመት ጎልማሳ ሳሉ አንኮበር ገቡ። ንጉሡ በመጀመሪያ ጫማ እንዲሠሩ አዘዟቸው ይባላል። መሐንዲስ ጫማ መስፋት ምን ያውቃል? ቢሆንም ሠርተው አቀረቡ። ከዚያ ወዲያ በአዋሽ ላይ ድልድይ ሠሩ፤ ለአዲስ አበባው ቤተ መንግሥትም ውሃ በቧንቧ አመጡ።

ከሁሉ የበለጠው አሳባቸው ግን ባቡር ነበር። መጋቢት 1 ቀን 1886 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ለሙሴ ኢልግ ለ99 ዓመት የሚጸና የባቡር ሐዲድ ውል ሰጧቸው። መንገዱ ከጅቡቲ ወደ ሐረር፣ ከሐረር ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም ወደ ከፋና ወደ ነጭ ዓባይ እንዲዘልቅ ታሰበ። (ጎጃም በዚያ ውል ውስጥ አልገባም፤ እስከ ዛሬም ሐዲድ አላየም።) የፈረንሳዩ ነጋዴ ሙሴ ሸፍኔ ባልንጀራቸው ሆኑ፤ ኩባንያውም በፓሪስ ቆመ። ሥራው በ1890 ዓ.ም. መጀመሪያ ከጅቡቲ ተነሣ።

ነገር ግን የፓሪስ ሕዝብ አክሲዮኑን እንደ ታሰበው አልገዛም። በረሃው ገንዘብ ይበላል፤ ሠራተኛው ደመወዙን ይጠብቃል፤ ብረቱ በመርከብ ይመጣል። ሐዲዱ ገና የሚጭነው ዕቃ ሳያገኝ ካዝናው ተራቆተ፤ የኩባንያውም ወረቀት ረከሰ። በዚህ ጊዜ የለንደን ባለገንዘቦች መጡና የረከሰውን ወረቀት መሰብሰብ ያዙ። ሙሴ ሸፍኔ በፓሪስ ገንዘብ ሲያፈላልጉ፣ ሙሴ ኢልግ ከ1889 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት አማካሪ ሆነው በምኒልክ አጠገብ ነበሩ። ለእንግሊዞቹ መሸጥ ማለት ውሉን ለባዕድ እጅ አሳልፎ መስጠት ነው፤ አለመሸጥ ደግሞ ሐዲዱን በረሃ ላይ ማስቀረት ነው።

እኛ እንደሚመስለን፣ ኩባንያው የሸጠው ባቡሩ አይረባም ብሎ ፈርዶ አይደለም። እንደ ጅጋው ባለዕዳ ገበሬ ለመጠበቅ አቅም ስላነሰው ነው።

የእንግሊዝ ገንዘብ መግባቱን የፈረንሳይ መንግሥት ባየ ጊዜ ደነገጠ። በ1894 ዓ.ም. ከኩባንያው ጋር ተዋውሎ በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ ለ50 ዓመት ሊሰጥ ቃል ገባ፤ በልዋጩም በኩባንያው ላይ ሥልጣን አገኘ። ንጉሠ ነገሥቱ ግን አልተማከሩም ነበር። በአገራቸው ምድር ላይ የሚሄድ ባቡር በእነርሱ ወረቀት የሌላ መንግሥት ንብረት ሲሆን ዝም ብለው ሊያዩ አልወደዱም። በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ባቡሩ አዲሲቱ ድሬዳዋ ደረሰ፤ ወጪ ለመቀነስ ሲባል ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ ቀርቶ ነበርና ከተማይቱ በዚሁ ምክንያት ተቆረቆረች። ከዚያ ግን ቆመ። 310 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የሚሄድ ሐዲድ ትርፍ አላመጣም፤ በ1899 ዓ.ም. ኩባንያው ከሰረ።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ባቡሩ አልሞተም፤ የሞተው የመጀመሪያው ኩባንያ ነው። ምኒልክ በጥር 1900 ዓ.ም. አዲስ ውል ለሐኪማቸው ለዶክተር ቪታልያን ሰጡ፤ አዲስ ኩባንያም ሥራውን ቀጠለ። ጥበቡን አምኖ እስከ መጨረሻው የቆየ የፊተኛው ባለአክሲዮን ጥበቡ ትክክል ሆኖለት ገንዘቡ ግን ጠፋበት። ብዙ ሰው እነዚህን ሁለቱን ያምታታቸዋል።

ሙሴ ኢልግ በዚያው በ1899 ዓ.ም. ገደማ ሥራቸውን ትተው በአገራቸው ተቀመጡ። ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. ዐረፉ፤ እርሳቸውም በ1908 ዓ.ም. በዙሪክ ሞቱ። ባቡሩ 784 ኪሎ ሜትሩን ጨርሶ አዲስ አበባ የገባው በማግስቱ ዓመት፣ በ1909 ዓ.ም. ነው።