አባ ገብረ ሚካኤል፦ ሰንሰለት ያላስካዳቸው አባት

ፍልሰታ አልፎ፣ የነሐሴ ወር ተገባዶ፣ ምእመናን አዲሱን ዘመን ለመቀበል በሚሰናዱበት በዚህ ሰሞን፣ በዚሁ ወር በእስር ላይ ሳሉ ያረፉትን የጎጃሙን ሊቅ የአባ ገብረ ሚካኤልን ሕይወት እናስታውሳለን። በካቶሊካውያን ዘንድ ብፁዕና ሰማዕት ተብለው የሚዘከሩት እኚህ አባት ፊደል የቆጠሩትም የመነኮሱትም በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ነውና፣ ታሪካቸው ለአንባቢዎቻችን ባዕድ አይሆንም።

አባ ገብረ ሚካኤል በ1783 ዓ.ም. ገደማ በጎጃም፣ በመርጡለ ማርያም አቅራቢያ ዲቦ በተባለች ስፍራ ተወለዱ። በልጅነታቸው አንድ ዓይናቸውን ቢያጡም ከትምህርት አልተገቱም። በመርጡለ ማርያም ገዳም መንኩሰው፣ ወደ ጎንደርም ተሻግረው መጻሕፍትን መረመሩ። ዘመኑ ሊቃውንት ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ካራ፣ ቅባትና ጸጋ ተባብለው አጥብቀው የሚከራከሩበት ነበር። አባ ገብረ ሚካኤልም ያደጉበትን የቅባት ትምህርት መድገም አልበቃቸው ብሎ፣ እውነቱን ፍለጋ ብዙ ደከሙ።

በ1833 ዓ.ም. የትግሬው ገዥ ደጃዝማች ውቤ ጳጳስ ለማስመጣት ወደ ግብፅ መልእክተኞችን ሲልኩ፣ አባ ገብረ ሚካኤል አብረው ተጓዙ። ከመልእክተኞቹ ጋር አቡነ ያዕቆብ እየተባሉ የሚጠሩት ኢጣሊያዊው መምህር ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ ነበሩ። በካይሮ አቡነ ሰላማ ለኢትዮጵያ ከተሾሙ በኋላ፣ ከተጓዦቹ ከፊሉ ሮም ደርሰው ከርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛ ጋር ተገናኙ፤ ኢየሩሳሌምንም ተሳለሙ። አባ ገብረ ሚካኤል ወደ አገራቸው ተመልሰው ነገሩን ለረጅም ጊዜ ካሰላሰሉ በኋላ በ1836 ዓ.ም. የካቶሊክን እምነት ተቀበሉ። በዓዲግራት አጠገብ በጓላ ወጣቶችን አስተማሩ፤ በ1843 ዓ.ም. ስድሳ ዓመት ሊሞላቸው ሲቃረቡ ቅስና ተቀበሉ።

ፈተናው የመጣው ደጃዝማች ካሳ፣ ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ የተከፋፈለችውን አገር በአንድ ዘውድና በአንድ ሃይማኖት ለመሰብሰብ ከአቡነ ሰላማ ጋር በተባበሩ ጊዜ ነው። በሐምሌ 1846 ዓ.ም. አባ ገብረ ሚካኤል ከባልንጀሮቻቸው ጋር በጎንደር ታሰሩ። አቡነ ያዕቆብ ከአገር እንዲወጡ ሲደረግ፣ እሳቸው ግን በግንድ ተጠርቀው፣ ተገርፈው፣ እምነታቸውን እንዲክዱ ተጠየቁ፤ አልካዱም። በግንቦት 1847 ዓ.ም. ሞት ከተፈረደባቸው በኋላ፣ የእንግሊዙ ቆንስል ፕላውደን ስለ አማለዷቸው ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። እኚያ ስድሳ አራት ዓመት የሆናቸው መነኩሴ በእግር ብረት ሆነው ዘማቹን ሠራዊት እየተከተሉ ሲንከራተቱ፣ በነሐሴ 1847 ዓ.ም. በመንገድ ላይ አረፉ። ጠባቂዎቻቸውም ሰንሰለቱን ፈትተው ከዛፍ ሥር ቀበሯቸው።

የሮማ ቤተ ክርስቲያን በመስከረም 1919 ዓ.ም. ብፅዕናቸውን አወጀች። መምህራቸው ዮስጢኖስም በጥቅምት 1968 ዓ.ም. ቅዱስ ተብለዋል።

የሁለቱን አብያተ ክርስቲያናት የትምህርት ልዩነት ለሊቃውንቱ እንተዋለን። ንጉሡ ለአገር አንድነት፣ ጳጳሱ ለመንበራቸው፣ መነኩሴውም ለኅሊናቸው ቆመው ነበርና፣ ፍርዱ የእግዚአብሔር ነው። እኛ ግን ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር እንማራለን፤ ብረት እግርን ያስራል እንጂ ልብን አያሳምንም። በአንድ ግቢ፣ በአንድ እድር የተለያየ እምነት ያላቸው ጎረቤታሞች አብረው በሚኖሩባት አገራችን፣ አዲሱን ዘመን ስንቀበል ይህን ብናስብ ለበዓሉ የሚገባ ስንቅ ይሆነናል። መልካም በዓል።