ዦርዥ ማትሮን፦ ግምትን ከነስህተቱ ያሰሉ ሊቅ

ፈረንሳዊው የሒሳብና የሥነ ምድር ሊቅ ዦርዥ ማትሮን እ.ኤ.አ. በ1930 በፓሪስ ተወለዱ። እ.ኤ.አ. በ1954 ወደ አልጄሪያ አምርተው በማዕድን ፍለጋ ሥራ ተሰማሩ። ጉድጓድ መቆፈር ከፍተኛ ወጪ ስለሚጠይቅ፣ ከጥቂት ናሙናዎች ሰፊውን የከርሰ ምድር ክምችት መገመት ግድ ነበር።

ማትሮን ደቡብ አፍሪካዊው መሐንዲስ ዳኒ ክሪግ እ.ኤ.አ. በ1951 ስለ ዊትዋተርስራንድ የወርቅ ማዕድን ያቀረቡትን ጥናት መሠረት በማድረግ፣ የናሙናዎች ተመሳሳይነት ከርቀት ጋር እንዴት እንደሚቀንስ በቀመር አስቀመጡ። ዘዴውንም በክሪግ ስም ክሪጊንግ አሉት። ዘዴው የግምቱን የስህተት መጠን ጭምር ስለሚያሰላ፣ ውሳኔ ሰጪዎች ቀጣዩ ጉድጓድ የት ቢቆፈር እንደሚሻል እንዲለዩ ያግዛል።

እ.ኤ.አ. በ1968 በፎንቴንብሎ የምርምር ማዕከል ያቋቋሙት ማትሮን እ.ኤ.አ. በ2000 ቢያርፉም፣ ዘዴያቸው ዛሬም የነዳጅና የከርሰ ምድር ውሃ ክምችቶችን ካርታ ለመሥራት ያገለግላል።