ትኬቷን በጥቂት በጥቂቱ የከፈለችው የቤት ሠራተኛ

እኅቶቼ፣ ባለፈው የቁጠባ ቀናችን ገንዘቡ ተቆጥሮ መዝገቡ ከተዘጋ በኋላ አንዲት እኅታችን ያነሣችው ጥያቄ እስካሁን ከልቤ አልወጣም። በር ሲዘጋብን እግዚአብሔር አይሆንም ብሎን ነው ወይስ ሰው ነው የከለከለን፣ በምን እንለያለን ብላ ነበር። ያን ቀን መልስ የሰጣት አልነበረም፤ ሻይ ተጠጣና ተበተንን። ቤቴ ገብቼ ግን ከዓመታት በፊት ያነበብኩት የአንዲት ሴት ታሪክ መጣብኝ። እኔም በሰው ቤት ተቀጥሬ ብዙ ዓመት ስለኖርኩ ይሆናል ይህች ሴት ከሌሎቹ ሁሉ የምትቀርበኝ። ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ግላዲስ አይልዋርድ በ1902 በሰሜን ለንደን፣ ኤድመንተን በሚባል ሰፈር ተወለደች። አባቷ ፖስታ አዳይ ነበር። በትምህርቷ አልገፋችም፤ በ14 ዓመቷ ትታ ሥራ ጀመረች፤ ከዚያም በሀብታሞች ቤት ሠራተኛ ሆና ተቀጠረች። ቁመቷ በጣም አጭር፣ ጸጉሯ ጥቁር ነበር። ልጅ ሳለች የእኩዮቿ ጸጉር ወርቃማ ሆኖ የእርሷ መጥቆሩ፣ እነርሱ ሲረዝሙ እርሷ መቅረቷ ያስለቅሳት ነበር። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ስለ ቻይና የሰማችው ወጣት ሳለች ነው። ስለ ክርስቶስ ያልሰሙ ሚሊዮኖች እንዳሉ ስታነብ መጀመሪያ ሌላ ሰው እንዲሄድ ልትገፋፋ ሞከረች፤ ወንድሟንም ጠየቀችው። እርሱ እምቢ ሲላት ነው ጥሪው ለራሷ መሆኑን የተረዳችው። ቻይና ኢንላንድ ሚሽን የተባለው ማኅበር ተቀብሎ ለሦስት ወር አስተማራት፤ ከዚያም ቋንቋውን መማር የምትችል አትመስልም ብሎ አሰናበታት። በሩ የተዘጋው እዚህ ላይ ነው። ብዙዎቻችን ብንሆን ነገሩ በዚሁ ባበቃ ነበር።

እርሷ ግን ወደ ቤት ሠራተኝነቷ ተመለሰች። አዲስ በተቀጠረችበት ቤት፣ የታዋቂው ተጓዥ የሰር ፍራንሲስ ያንግሃዝባንድ ቤት ነው፣ የተሰጣት ክፍል ገብታ መጽሐፍ ቅዱሷንና ያላትን ጥቂት ሳንቲም አልጋው ላይ አስቀምጣ እነዚህንና ራሷን ለእግዚአብሔር አቀረበች። ወዲያው እመቤቲቱ አስጠሯትና ለመጣችበት የትራንስፖርት ወጪ ሦስት ሺሊንግ ሰጧት። ከጸሎቷ በፊት ከነበራት ገንዘብ የሚበልጥ ነበር። ሦስት ሺሊንግ ለእመቤቲቱ ምንም አይደለም፤ የሰው ቤት ሠርታ የምታውቅ ግን አሠሪ ሳትጠየቅ የትራንስፖርት ስትሰጥ ምን እንደሚሰማ ታውቃለች።

በመርከብ ወደ ቻይና መሄጃው 90 ፓውንድ ነበር። በባቡር፣ በሩሲያና በሳይቤሪያ በኩል፣ 47 ፓውንድ ከ10 ሺሊንግ። ትኬት ሻጩ በዚያ መንገድ ጦርነት አለ፣ በሕይወት መድረሷን አላውቅም ብሎ መከራት። እርሷ ጥቂት ገንዘብ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ቀሪውን በየጊዜው እያመጣች ልትከፍል ተስማማች። እንግዲህ የእኛን የቁጠባ ደብተር አስቡ! በዕረፍት ቀኗ ተጨማሪ ሥራ እየሠራች፣ በግብዣ ቤት እያስተናገደች፣ ሳንቲም በሳንቲም ላይ ጨምራ ከፍላ ጨረሰች። አንዳንድ ሰባኪዎች ይህን ታሪክ ሲያወሩ ጸሎቷን ብቻ ያነሣሉ። እኔ ግን ክፍያውንም ከጸሎቱ ለይቼ አላየውም።

በዚሁ ጊዜ ጄኒ ላውሰን የሚባሉ የ73 ዓመት ሚሲዮናዊት ሥራቸውን የሚረከብ ወጣት ከቻይና ሆነው እንደሚፈልጉ ሰማች፤ ጻፈችላቸውም። እዚያ ድረስ ከመጣሽ እቀበልሻለሁ የሚል መልስ መጣ። የመንገድ ገንዘብ ግን አልነበራቸውም።

በ1930ዎቹ መጀመሪያ፣ በጥቅምት ወር፣ ከለንደን ተነሣች። አንዱ ሻንጣዋ ልብስ፣ አንዱ የመንገድ ስንቅ ነበር፤ ትንሽ ምድጃና ማንቆርቆሪያም ይዛለች። ሳይቤሪያ ውስጥ ባቡሩ ጦርነቱ አጠገብ ደርሶ ቆመ። ከወታደሮች በቀር የቀረ ሰው አልነበረም። በበረዶ ላይ፣ በሌሊት፣ ሐዲዱን ተከትላ በእግሯ ወደ ኋላ ተመለሰች፤ ሲደክማት ሻንጣዎቿ ላይ ተኛች። ከብዙ እንግልት በኋላ ከሩሲያ በመርከብ ወደ ጃፓን አምልጣ፣ ከዚያ ቻይና ገባች። ያኔ ነው በልጅነቷ ያለቀሰችበትን ነገር ያስተዋለችው። በዙሪያዋ ያሉት ሰዎች ሁሉ ጸጉራቸው ጥቁር ነው፤ ብዙዎቹም እንደ እርሷ አጫጭር። እግዚአብሔር ሲሠራት ወዴት እንደሚልካት ያውቅ ነበር ብላ አመነች።

ያንግቼንግ የተባለችው ከተማ ተራራ ላይ ያለች፣ በቅሎ ብቻ የሚደርስባት ነበረች። ወይዘሮ ላውሰን ቁጡ ስለነበሩ ከእሳቸው ጋር መኖር ቀላል አልሆነላትም። ሕዝቡም የውጭ ሰው ስለሚጠላ ጭቃ ይወረውርባቸው ነበር። ሰው ካልቀረባቸው እንዴት ወንጌል ይሰብካሉ? ሁለቱ ሴቶች ያገኙት ዘዴ ያስቀናኛል። ቤታቸውን ለበቅሎ ነጂዎች የእንግዳ ማረፊያ አደረጉት። የግላዲስ ሥራ ደጅ ላይ ቆሞ መጠበቅ ነበር። የበቅሎዎቹ ሰልፍ ሲመጣ የፊተኛዋን በቅሎ ልጓም ይዛ ወደ ግቢ ትጎትታለች፤ የቀሩት ይከተላሉ። ለሰዎቹ ትኩስ ምግብና ንጹሕ መኝታ፣ ለበቅሎዎቹ ገፈራ፣ ማታ ደግሞ ከእራት በኋላ በነጻ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ። ነጂዎቹ የሰሙትን በየደረሱበት ያወሩት ነበር። አትችይም የተባለችውን ቋንቋም ከወጥ ቤቱና ከነጂዎቹ ተምራ እንደ አገሩ ሰው ተናገረችው።

ብዙም ሳይቆይ ወይዘሮ ላውሰን ወድቀው ተጎድተው አረፉ። ግላዲስ ያለ ገንዘብና ያለ ላኪ ማኅበር ብቻዋን ቀረች። በዚህ ጭንቀት ውስጥ ሳለች የአገሩ ገዢ በግርማ መጣ። የሴት ልጆችን እግር ገና በሕፃንነታቸው በጨርቅ ጠፍንጎ ማሰር በመንግሥት ተከልክሎ ነበር፤ መንደር ለመንደር እየዞረ የሚቆጣጠር ሰው አስፈለገ። ሴት ቤት ገብቶ የሴት እግር የሚያይ ወንድ አይቻልም። የአገሩ ሴቶች ደግሞ እግራቸው የታሰረ ስለሆነ ተራራ አይወጡም። እግሯ ያልታሰረ ሴት በአካባቢው አንዲት ብቻ ነበረች። ደመወዝ፣ በቅሎና ሁለት ወታደር ተሰጣት፤ በየደረሰችበትም ስለ እምነቷ እንድትናገር ተፈቀደላት። የልጃገረዶቹን እግር ፈታ እናቶቻቸውን አስተማረች። እኛም በገዛ አገራችን በሴት ልጅ ገላ ላይ የሚፈጸም ልማድ ለማስቀረት ቤት ለቤት የዞርን ሰዎች፣ በየደጁ የሚሰጠውን መልስ አንረሳውም።

በ1936 የቻይና ዜግነት ወሰደች። አንዲት ልትሸጥ የነበረች የተጎሳቆለች ሕፃን በያዘችው ሳንቲም ገዝታ አሳደገች፤ ሌሎችም ተከተሉ። በ1938 የጃፓን አውሮፕላኖች ያንግቼንግን ደበደቡ። በ1940 ወደ 100 የሚጠጉ ልጆችን ይዛ፣ ብዙዎቹ ሕፃናት፣ በተራራ ላይ በእግር ወደ ሲያን ጉዞ ጀመረች። ምግቡ አለቀ፤ የልጆቹ ጫማ ተበጣጠሰ፤ ሕፃናቱን ትልልቆቹ እየተፈራረቁ ተሸከሙ። ከአሥር ቀን በላይ ተጉዘው ቢጫው ወንዝ ሲደርሱ አንድም ጀልባ አልነበረም። ወታደሮቹ ሁሉንም ወደ ማዶ ወስደውታል።

እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚነካኝ ይህ ቦታ ነው። ቀናት አለፉ፣ ልጆቹ ተራቡ፣ የግላዲስም ልብ ወደቀ። አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ቀርባ ሙሴ ባሕሩን መሻገሩን ታምኚያለሽ ወይ አለቻት። ግላዲስ እርሷ ሙሴ እንዳልሆነች ነገረቻት። ልጅቱ ደግሞ እግዚአብሔር ግን ያው እግዚአብሔር መሆኑን አስታወሰቻት። አብረው ተንበርክከው ጸለዩ፣ ልጆቹም ዘመሩ። ድምፁን የሰማ አንድ የቻይና መኮንን መጥቶ ጀልባ አስጠራላቸውና ተሻገሩ። ልጆቹን አድርሳ እርሷ በተስቦ ታምማ ወደቀች፤ ለረጅም ጊዜ በሞትና በሕይወት መካከል ነበረች።

በ1949 ወደ እንግሊዝ ተመለሰች። በ1958 ሆሊውድ ስለ እርሷ ፊልም ሲሠራ ለእርሷ ቦታ የመረጠው ረጅሟንና ወርቃማ ጸጉሯን ኢንግሪድ በርግማንን ነው። የፍቅር ታሪክ ጨምረውበት በጣም አዘነች። በኋለኛ ዘመኗ ለዚያ ሥራ እግዚአብሔር መጀመሪያ ያሰበው ሌላ ሰው ሳይሆን እንዳልቀረ ትናገር ነበር፤ ምናልባት የተማረ አንድ ወንድ እምቢ ብሎ ይሆናል። እንዲህ ስትል ግን አታማርርም ነበር።

ወደ ዋናው ቻይና እንድትመለስ አዲሱ መንግሥት አልፈቀደላትም። እስክትሞት ያ በር አልተከፈተም። ታይዋን ገብታ እናትና አባት የሌላቸውን ልጆች ሰብስባ አሳደገች፤ በጥር 1970 በ67 ዓመቷ እዚያው አረፈች፣ እዚያው ተቀበረች።