ሙሴ አልፍሬድ ኢልግና የኢትዮጵያ የባቡር ትራንስፖርት አጀማመር

በኢትዮጵያ የዘመናዊ ትራንስፖርት ታሪክ ውስጥ ስማቸው ከዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ጋር አብሮ የሚነሣው ሙሴ አልፍሬድ ኢልግ በ1846 ዓ.ም. ፍራውንፌልድ በተባለች የስዊዘርላንድ ከተማ ተወለዱ። በዙሪክ ፖሊቴክኒክ የምሕንድስና ትምህርታቸውን አጠናቀው፣ በ1871 ዓ.ም. አንኮበር በመድረስ በወቅቱ የሸዋ ንጉሥ በነበሩት በምኒልክ አገልግሎት ገቡ። ዕድሜያቸውም 25 ዓመት ገደማ ነበር።

በዚያን ዘመን ከባሕር ጠረፍ ወደ መሐል አገር የሚገባው ዕቃና ወደ ውጭ የሚላከው ቡና በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ሳምንታትን ይፈጅ ነበር። ኢልግ በአዋሽ ወንዝ ላይ ድልድይ በመሥራት የመንገዱን አንድ ዋና መሰናክል አቃለሉ። ይሁን እንጂ ዘላቂው መፍትሔ የባቡር ሐዲድ መሆኑን ለንጉሡ ከማስረዳት አልቦዘኑም።

ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ከሆኑ በኋላ፣ በመጋቢት ወር 1886 ዓ.ም. የባቡር ሐዲዱን የማሠራት ፈቃድ ለኢልግ ሰጡ። ፈቃዱ ለ99 ዓመታት የሚጸና ሲሆን፣ መስመሩ ከጅቡቲ እስከ ሐረር፣ ከሐረር እስከ እንጦጦ፣ ከዚያም በከፋ በኩል እስከ ነጭ ዓባይ እንዲዘረጋ የታሰበ ነበር። ኢልግ ከፈረንሳዊው ነጋዴ ከሌዎን ሸፍኔ ጋር ኩባንያ አቋቋሙ። በ1889 ዓ.ም. ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት አማካሪ ሆነው ተሾሙ። የሐዲዱ ሥራ በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ።

ሥራውን ክፉኛ የፈተነው ግን በረሃውና ተራራው ብቻ ሳይሆን የገንዘብና የባለቤትነት ጥያቄ ነበር። ኩባንያው በቂ ካፒታል ሊያገኝ ባለመቻሉ በ1894 ዓ.ም. ከፈረንሳይ መንግሥት ድጎማ ተቀበለ። ስምምነቱ ያለ ንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ የተደረገና ለውጭ መንግሥት በሐዲዱ ላይ ሥልጣን የሚሰጥ በመሆኑ ዐፄ ምኒልክ አልተቀበሉትም። ብሪታንያና ኢጣሊያም በበኩላቸው የፈረንሳይን ብቸኛ የበላይነት ተቃወሙ።

ሐዲዱ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ወደ ሐረር ተራሮች መውጣት ከባድ ወጪ ስለሚጠይቅ ከግርጌያቸው ቆመ። በዚያም ድሬዳዋ ተቆረቆረች። ከዚህ በኋላ ሥራው ለዓመታት ተቋርጦ ኩባንያው ከሰረ። ኢልግም በ1899 ዓ.ም. ገደማ አገልግሎታቸውን ፈጽመው ወደ ትውልድ አገራቸው ተመለሱ። በ1900 ዓ.ም. በተደረገ አዲስ ስምምነትም ሥራው ከጊዜ በኋላ በሌላ ኩባንያ ቀጠለ።

ኢልግ በታኅሣሥ 1908 ዓ.ም. በዙሪክ ከተማ አረፉ። ባቡሩ 784 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ የደረሰው በተከታዩ ዓመት፣ በ1909 ዓ.ም. ነበር። የልፋታቸውን ፍጻሜ ለማየት አልታደሉም።

ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በኤሌክትሪክ ኃይል የሚሠራው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የባቡር መስመር ተመረቀ። የመስመሩ ባለቤቶች የኢትዮጵያና የጅቡቲ መንግሥታት ናቸው። የኢልግ የሕይወት ታሪክ እንደሚያስገነዝበው፣ ዘላቂ የትራንስፖርት ሥርዓት ከምሕንድስና ዕውቀት በተጨማሪ አስተማማኝ የገንዘብ ምንጭንና የባለቤትነት መብትን አስቀድሞ የሚወስን ስምምነትን ይጠይቃል።